ንቅት የምትይበትን ሰዓት ለማን ነው የሰጠሽው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ዶክተር። 31 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ ነው፣ የምሰራው ግን ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ውስጥ። የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። በርቀት ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ‹ውጤታማ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል› ሲባል ሰምቼ ሶስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አንዱም ከአስር ቀን አላለፈም። ለሱብሂ እነሳለሁ፤ ከሰገድኩ በኋላ መጽሐፍ ስገልጥ ግን ፊደሉ ይደባለቅብኛል፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ከምሳ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አንቀላፋለሁ፣ በቡና ነው የምቆመው። ማታ 3 ሰዓት ልጄ ስትተኛ ደግሞ ንቅት እላለሁ፣ እስከ 6 ሰዓት ተኩል አነባለሁ። ይሄ ስንፍና ነው? ቀኔን እንዴት ብደለድለው ይሻላል?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ስንፍና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲያይ ውሎ፣ ልጅ አብልቶ አስተኝቶ፣ እንደገና መጽሐፍ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጥ ሰው ሰነፍ አይባልም።

ግን መጀመሪያ አንድ ሂሳብ እንስራ፣ የሂሳብ ሰው ነሽና። 6 ሰዓት ተኩል ትተኛለሽ። 11 ሰዓት ገደማ ለሱብሂ ትነሻለሽ። ይሄ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ተመልሰሽ ተኝተሽ ሰርቪስ እንዳያመልጥሽ 12 ሰዓት ተኩል ብትነሺ ሌላ አንድ ሰዓት ብታገኚ ነው። ድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል። አዋቂ ሰው በትንሹ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድልሻል ማለት ነው፣ በሳምንት ከአስር ሰዓት በላይ። የጠየቅሽኝን ድልድል እነግርሻለሁ፤ ይሄ ጉድለት እያለ ግን የትኛውም ድልድል አይሰራም፣ ስለዚህ ሁለቱን አብረን ነው የምናስተካክለው።

«ለምጄዋለሁ» እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሰዎችን ለ14 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ብቻ እያስተኙ ትኩረታቸውን ለኩ። በመጨረሻ ስህተታቸው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ያልከደነ ሰው ስህተት ያህል ሆነ። ሰዎቹ ግን መጎዳታቸው ለራሳቸው ብዙም አልታወቃቸውም ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ንቃታችንን የሚገዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። ይህን አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 አቅርቦት እስከ ዛሬ እንሰራበታለን። አንዱ የእንቅልፍ ጫና ነው። ከነቃሽበት ደቂቃ ጀምሮ አንጎልሽ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እየዋለ ሲሄድ ይከብድሻል፣ ስትተኚ ይራገፋል። ሌላው የውስጥ ሰዓትሽ ነው። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል የአንጎል ክፍል አለች። በዓይንሽ የገባውን ብርሃን እያየች ለመላው ሰውነትሽ ሰዓቱን ትነግረዋለች። ይህ ሰዓት ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚቆጥር ያሳዩት ሆል፣ ሮዝባሽና ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል።

ጠዋት ጫናው ቀላል ነው፣ ሰዓቱም ወደ ላይ መግፋት ጀምሯል። ከነቃሽ ሁለት ሶስት ሰዓት በኋላ ጭንቅላትሽ ጥርት ይላል። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫናው በርክቷል፣ የሰዓቱ ግፊት ግን ገና አልበረታም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምታንቀላፊው ያኔ ነው። ምሳ ባትበዪም ይመጣል። ከባድ ምሳ ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም። የኮምቦልቻ ሙቀትም እንደዚያው ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ሐረጎን ስትወርጂ ሹራብሽን የምታወልቂው ለዚህ ነው፣ እና የሞቀ ክፍል ሌሊት ያልተኛሽውን እንቅልፍ ቀን ላይ ያወጣብሻል። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ የውስጥ ሰዓትሽ በሙሉ ጉልበቱ ይገፋል፣ ጫናውን ያሸንፈዋል። ብዙ ሰው ከቀትሩ ይልቅ አመሻሹ ላይ የሚነቃው በዚህ ምክንያት ነው። እና ማታ የሚሰማሽ ንቃት እውነተኛ ነው፣ ሰበብ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ከፊዚዮሎጂ ውጪ አንድ ነገር ልበልሽ። ማታ 3 ሰዓት ማንም የማይጠራሽ የቀኑ የመጀመሪያው ሰዓት ይመስለኛል። «እማዬ» የሚል የለም፣ አለቃ የለም፣ ሰርቪስ የለም። ጭንቅላትሽ የተከፈተው በከፊል ለዚህ ይሆናል። ይህን የምልሽ ያንን ጸጥታ ሌላ ሰዓት ላይም ልናገኝልሽ ስለምንችል ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሱብሂው ነገር እንዲህ ነው። የሰውነት ሙቀት በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል፣ ንቃትም አብሮት። በጣም ዝቅ የሚለው የለመድሽው መነሻ ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። አንቺ 6 ሰዓት ተኩል ተኝተሽ 11 ሰዓት ስትነሺ የምትነሺው ከዚያ ከታችኛው ቦታ ነው። በዚያ ላይ ማንም ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ለ15 ወይም 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ሰዓት፣ ጭንቅላቱ ድፍን ይላል። ሶላት ላይ ይሄ ብዙ አይጎዳሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ምላስሽም ጉልበትሽም ያውቀዋል። የማስተርስሽ ምዕራፍ ግን አዲስ ነገር ነው። ፊደሉ ቢደባለቅ አይገርምም።

«ታዲያ እነ እገሌ በዚያ ሰዓት እንዴት ያጠናሉ?» ካልሽ፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ናትናኤል ክላይትማን የሚባል የእንቅልፍ ተመራማሪ ብሩስ ሪቻርድሰን ከተባለ ተማሪው ጋር አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ የሚባል ዋሻ ገብተው 32 ቀን ቆዩ። ፀሐይ የለ፣ ቀንና ሌሊት የለ። አንዱን ቀን 28 ሰዓት አድርገው ለመኖር ነው የሞከሩት። ወጣቱ ሪቻርድሰን ለመደው። የክላይትማን ሰውነት ግን 24 ሰዓቱን አልለቅም አለ። በአንድ ዋሻ፣ በአንድ መርሐግብር። ጠዋት የሚቀናው ሰው አለ፣ ማታ የሚቀናው አለ፣ አብዛኛው ሰው መሃል ነው፤ ይሄ በከፊል በዘር ይወረሳል፣ በዕድሜም ይለወጣል። ወጣቶች እስከ 20 ዓመት ገደማ ድረስ ወደ ማታ ይገፋሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ጠዋት ይመለሳሉ። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ አሁን ማወቅ አይቻልም። ጉድለቱ ሸፍኖታል። እንቅልፍሽ ሲሞላ፣ ስራ በሌለበት ቀን ያለ ማንቂያ ስትተኚና ስትነሺ ያኔ ይታያል።

አሁን ስለ አባቴ ልንገርሽ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ። ጨርቅ የሚቆርጠው ጠዋት ብቻ ነው፣ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ በመዳፉ እየዳሰሰ እጥፋቱን ያወጣል፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ትንሽ ዝም ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ መቀሱን ያስገባል። ያኔ ሰው ቢመጣ በእጁ «ተቀመጥ» ይላል እንጂ ቀና አይልም። ከሰዓት በኋላ ቁልፍ መትከል ነው፣ እግር መዘምዘም ነው፣ መተኮስ ነው። ጨዋታውም ያኔ ነው። ልጅ ሆኜ ለምን ከሰዓት እንደማይቆርጥ ብጠይቀው «ቁልፍ ቢጣመም ይፈታል፣ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁላቸውም።

አንቺ ጠዋት ምን እንደምትሰሪ አልነገርሽኝም። የብዙ ቢሮ ሰው ጠዋት ግን አውቃለሁ። 2 ሰዓት ተኩል ይገባል። ቴሌግራም ይከፈታል፣ ኢሜይል ይታያል፣ ሻይ ይጠጣል። ሰው እየመጣ «አበሌ ደረሰ?» ይላል። ቫውቸር ይደረደራል፣ ይፈረማል፣ ፋይል ይደረጋል። ሳይታወቅ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፔሮሉና የባንክ ማስታረቁ ለከሰዓት ይቀራል። ከዚያ 8 ሰዓት ላይ፣ ዓይን እየተከደነ፣ የማይመለሰው ጨርቅ ይቆረጣል። አንድ ቁጥር ይዘላል፣ ማግስቱን ፍለጋ ላይ ይዋላል። ያንቺም ቀን እንደዚህ ከሆነ ችግርሽ የሰዓት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ምርጥ ሰዓትሽን የሚበላው ማንም በማንኛውም ሰዓት ሊሰራው የሚችል ስራ ነው።

ስለዚህ ማንም ያወጣውን ፕሮግራም ከመቅዳትሽ በፊት ራስሽን መዝግቢ። ትንሽ ደብተር ግዢ፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ። ለአስር ቀን፣ በየሁለት ሰዓቱ ለንቃትሽ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጪው። 1 ዓይኔ እየተከደነ ነው፣ 5 ማንም ባያቋርጠኝ ነው። አጠገቡ በሁለት ቃል ምን እየሰራሽ እንደነበር ጻፊ። ቡና የጠጣሽበትን ሰዓት፣ የተኛሽበትንና የተነሳሽበትን ጨምሪ። አታስቢበት፤ በመጣልሽ ቁጥር ጻፊው። የኔ ደብተር ላይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ረድፍ በሙሉ 2፣ 2፣ 1፣ 2 ነው የሚለው። ለዓመታት ክፍል አስገቡኝ ብዬ እለምን የነበረው ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ጠዋቱን ለወረቀት ስራ ለማስለቀቅ። ያንን ረድፍ እስካይ ድረስ ተማሪዎቹ ይመስሉኝ ነበር የሚያንቀላፉት።

መዝገቡ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ይሄን ያዢ፤ በጻፍሽልኝ ነገር ተነስቼ ነው፣ ቁጥሮችሽ ሌላ ካሉ ቁጥሮችሽን ስሚ።

መኝታሽን ወደ 4 ሰዓት ተኩል እናምጣው። በአንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት አይጎተትም፣ ተኝተሽ ጣራ ነው የምታዪው። በየሶስት ቀኑ 20 ደቂቃ ቀንሺ፤ ሶስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ትደርሻለሽ። ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ሱብሂን ሰግደሽ እንደለመድሽው ተመለሺና ተኚ፣ እስከ 12 ሰዓት ተኩል። ሰባት ሰዓት ከግማሽ ሞላ። ከሱብሂ በኋላ መተኛትሽ አያሳፍርሽ፣ መጽሐፉን ከዚያ ሰዓት አንሺው። ወደፊት እንቅልፍሽ ሞልቶ፣ ከሱብሂ በኋላ በራስሽ ጊዜ ዓይንሽ አልከደን ካለ፣ ያኔ ያን ሰዓት ትወስጂዋለሽ።

12 ሰዓት ተኩል የምትነሺበት ሰዓት ቅዳሜም እሁድም አይለወጥ። ግፋ ቢል አንድ ሰዓት አርፍጂ። የውስጥ ሰዓት የሚጠበቀው ከመኝታ ይልቅ በመነሻ ነው፣ በመነሻና በብርሃን። እዚህ ላይ አገራችን ታግዘናለች። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓትና በሩብ ጉዳይ ለ1 መካከል ትወጣለች። የሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ ከፀሐይ መውጣት ነው የሚጀምረው፣ የሶላት ሰዓቶችሽም ፀሐይን ነው የሚከተሉት። አውሮፓ ያለ ሰው በብርዱ ወራት በጨለማ ተነስቶ በጨለማ ስራ ይገባል፤ አንቺ ግን ደጅ መውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። ሰርቪሱ ጋ ስትሄጂ አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ በእግርሽ ሂጂ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ቢሆንም ግድ የለም፤ ደመናማ ጠዋት ላይ ደጅ ያለው ብርሃን በሺዎች ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይቆጠራል፣ አምፖል የበራበት ሳሎን ከጥቂት መቶ አያልፍም። ሰርቪሱ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀመጪ። እዚያ ከባድ ነገር አታንብቢ፣ በዚያ መንገድ ጠመዝማዛ ራስ ከማዞር በቀር ትርፍ የለውም። ማታ ያጠናሽውን በራስሽ ድምፅ ስልክ ላይ ቀድተሽ ብትሰሚው ግን ጥሩ ነው።

ቢሮ ስትገቢ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት መልእክትና ሻይ። ከ3 ሰዓት በኋላ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ። ፔሮል፣ ማስታረቅ፣ የወር መዝጊያ፣ ማንኛውም ቢሳሳት የማይመለስ ነገር እስከ 5 ሰዓት ተኩል ባለው ይሰራ። የስራ ባልደረቦችሽን አስቀድመሽ አናግሪ። «አበልና ቫውቸር ከ8 ሰዓት በኋላ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ብትለጥፊ ለአንድ ሳምንት ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። አለቃሽ አይሆንም ካለ ሙሉውን አትጣይው፤ አንድ ሰዓት ለምኚ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል። አንድ ያልተቋረጠ ሰዓት ብዙ ነው።

ከምሳ በኋላ ያለውን መውረጃ አትታገዪው። ቀይሉላን ታውቂያለሽ፤ አባቶቻችን ቀትር ላይ ጋደም የሚሉት በከንቱ አልነበረም። ምሳሽን ቶሎ በልተሽ ዙህርን ሰግደሽ፣ 15 ደቂቃ ወንበር ላይ ራስሽን ደገፍ አድርጊ። ማንቂያ ሙዪ፣ 20 ደቂቃ እንዳያልፍ። ግማሽ ሰዓትን ካለፈ ጥልቁ እንቅልፍ ይጀምራል፣ ስትነሺ ከመጀመሪያው ይብስብሻል። እንቅልፍ ባይወስድሽም ዓይን ከድኖ ማረፉ አይከፋም። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ቁልፍ የመትከያ ሰዓት ነው። ፋይል፣ ስልክ መደወል፣ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ስቶር ድረስ ሄዶ ማመሳከር። እየተራመድሽ የምትሰሪው ስራ ካለ ለዚህ ሰዓት አስቀምጪው።

ቡናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወሎ ውስጥ ያለ ቡና ሰው ቀኑን እንደማይውል አውቃለሁ፣ እኔም አልውልም። ካፌይን ድካምሽን አይቀንሰውም። አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፣ ጫናው ግን ከጀርባ መጠራቀሙን አይተውም። ግማሹ ከደም እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት ተፈልቶ አቦሉን ከጠጣሽ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ አብሮሽ አለ። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ደግሞ በእጥፍ ያህል ይቆይባታል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እና ያ የማታ ንቃትሽ ውስጥ ቡናው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ደብተሩ ያሳይሻል። ጠንካራውን ቡና ከ8 ሰዓት በፊት ጨርሺ። ማታ ቤተሰብ ሲሰበሰብ አትቅሪ፣ ጀበናውም ጭሱም ጨዋታውም የቤት ሰላም ነው፤ አቦሉንና ቶናውን አሳልፈሽ በረካውን ቅመሺ። እሱ በጣም ቀጥኗል፣ ምርቃቱም አያመልጥሽም።

በነገራችን ላይ ተማሪዎች ስለ ጫት ይጠይቁኛል፣ አንቺም ክፍል ውስጥ ሲመክሩሽ ሰምተሽ ይሆናል። ምርቃናው የእንቅልፍን ጥሪ ያፍነዋል፣ እንቅልፉን ግን አይተካውም። ሌሊቱን ያነበበው ሰው በማግስቱ ፈተና ላይ ምን እንደሚያስታውስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አልመክርሽም።

ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ልጅሽ ስትተኛ ከባዱን ምዕራፍ አውጪ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሩብ። አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ። ከዚያ መብራቱን ቀነስ፣ ስልኩን ራቅ፣ ኢሻን ካልሰገድሽ ሰግደሽ ወደ አልጋ። «ሶስት ሰዓት ተኩል የማነበውን በአንድ ሰዓት ከሩብ?» እንደምትዪ ይሰማኛል። አንድ ነገር ሞክሪ። ከ5 ሰዓት በኋላ ካነበብሽው ገጽ ላይ ሶስት ጥያቄ ጽፈሽ ተኚ፣ ጠዋት ሰርቪስ ላይ መልሺው። ከ4 ሰዓት በፊት ካነበብሽውም ሶስት። ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። የተማርነው ነገር አንጎል ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ ነው፤ ከእንቅልፍ ቆርጠሽ የምታነቢው ያነበብሽውን ራሱን ይሸረሽረዋል።

የሚጎድለውን ከእሁድ እንወስዳለን። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ጸጥታ ይሄ ነው። እሁድ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት፣ ያንቺ የመቁረጫ ሰዓት። ባለቤትሽም ይሁን እናትሽ፣ እህትሽም ትሁን፣ ልጅቷን ይዘው ይውጡልሽ። ቤት ውስጥ ሆነሽ «እዚያ ክፍል ነኝ» ማለት አይበቃም፣ የ4 ዓመት ልጅ በር አይገታትም። ይህን መጠየቅ ከበደሽ ይሆናል፤ የኛ አገር ሴት ቤት እያለች ለራሷ ሁለት ሰዓት ተኩል ስጡኝ ማለት ይከብዳታል። ግን ጠይቂ። የሰራሁት ድልድል በሙሉ ይህን ካልያዘ ሸክሙን ከአንድ ትከሻሽ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ነው የሚሆነው። ከሳምንቱ አምስት ማታ ጋር ሲደመር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ንቁ ጥናት ይሆንልሻል። ለርቀት ትምህርት መጥፎ አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር። «በ90 ደቂቃ ስራ፣ ከዚያ እረፍ» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለሽ። መነሻው ያው ክላይትማን ነው፤ እንቅልፍ ውስጥ ያየው ዑደት ቀን ላይም ይቀጥላል ብሎ ገምቶ ነበር። ለቀኑ ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። 50 ደቂቃ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሁለቴ ማንበብ ከጀመርሽ 50 ነው ያንቺ። ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ ተመለሺ።

ረመዳን ሲገባ ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። ለስሁር ትነሻለሽ፣ ተራዊህ አለ፣ ጠዋቱ ላይ ቡና የለም። በዚያ ወር አዲስ ከባድ ምዕራፍ አትያዢ፤ የቢሮውን ከባድ ስራ ወደ ጠዋት መጀመሪያ አምጪው፣ የቀትሩን ማረፊያ አስረዝሚው፣ ቡናውን ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ቀስ እያልሽ ቀንሺ፣ ያኔ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ይቀልልሻል። ሁዳዴ የሚጾሙ ጎረቤቶችሽም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ያው ምክር ይሰራላቸዋል።

አሁን ደግሞ እንደ ሐኪም። ለሶስት ሳምንት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተኝተሽም ቀን ላይ ማንቀላፋቱ ካልተወሽ ጉዳዩ የድልድል ላይሆን ይችላልና ጤና ተቋም ሂጂ። የወር አበባሽ ብዙ የሚፈስ ከሆነ ደም ማነስ ይኑር አይኑር ይታይልሽ። እንቅርት ካለ፣ ወይም ብርድ ከሌላው ሰው በተለየ የሚያንዘፈዝፍሽ፣ ሳትበዪ የምትወፍሪ ከሆነ ታይሮይድ ይመርመር። ስትተኚ ታንኮራፊያለሽ፣ ትንፋሽሽም ቆም ይላል የሚልሽ ሰው ካለ ተናገሪ። ሁሉ ነገር ካስጠላሽ፣ ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ደስ ማለቱን ካቆመም እንደዚያው። እነዚህ ሁሉ ድካም ይመስላሉ፣ ሁሉም ግን የሚረዱበት መንገድ አለ።

ደብተሩን ከፊታችን እሁድ ጀምሪ። የወር መዝጊያ ሳምንት ላይ ከሆንሽ ግን አሳልፊው፤ በዚያ ሳምንት የምትመዘግቢው የፋብሪካውን ቀን ነው የሚሆነው። አስሩ ቀን ሲያልቅ ገጾቹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቁጥሮቹን አብረን አይተን ያንቺን የመቁረጫ ሰዓት እናገኘዋለን፣ ከ3 ሰዓት ተኩል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆንም ችግር የለም።